የሰደፉ ልክ

ሞርተንሩድ፣ ኦስሎ
ጥቅምት 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለኃይለጊዮርጊስ ልጅ፣ ለወይንሀረግ። እስቴ።

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ላሟ፣ ጥጃዋ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንደምን ነው? ክረምቱ በደህና ወጣላችሁ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ዓለምጸሐይም ደህና ናት። ለሥራ ሆስፒታል ትውላለች፣ ሆስፒታል ታድራለች። ስትገባ ተኝቼ ነው፣ ስትወጣም ተኝቼ ነው። አባትና ልጅ በማቀዝቀዣው በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት እንነጋገራለን።

በስልክ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ስልክ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ጆሮዬ አንዱን ይይዛል፣ አንዱን ይጥላል። ደጋግሜ «ምን?» ካልኩ በኋላ አፍርና እንደሰማ ሰው «እሺ እሺ» እላለሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ታገሺው። ዓለምጸሐይ «እኔ ልጻፍልህ» ብላኝ ነበር። የራሴን ጉዳይ በሰው እጅ አላስጽፍም።

የሰማሁት ይህን ነው። የአባቴ ምንሽር ሰደፉ ከአንገቱ ተሰብሯል። ቀበሌው ደግሞ መሣሪያ ያለው ሁሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ ደህና አድርጎ አስጠግኖ ያቅርብ፣ በማን ስም እንደሚቀመጥም ያስመዝግብ፣ ያልተመዘገበ ይወረሳል ብሏል። ትክክል ሰምቻለሁ?

እንዴት እንደተሰበረ ግን አልነገርሽኝም። ወይም ነግረሽኝ አልሰማሁም። ያ ጠመንጃ በአባቴ ትከሻ፣ ኋላም በኔ ትከሻ ሲኖር አንድ ቀን መሬት ነክቶ አያውቅም። አደራ ብዬ ላንቺ ትቼው በመጣሁ በስንት ጊዜው ተሰበረ? እኔ ምንም አልልም። ይህን ብቻ እላለሁ።

ሰደፉን እኔ እሠራዋለሁ። አትሳቂ። እዚህ ብሪን በሚባል ሰፈር ኮሙን የሚሉት ማዘጋጃ ቤታቸው ለጡረተኛ የከፈተው የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ወደዚያ የምሄደው ቤት ውስጥ ግድግዳ ከማይ ብዬ ነው። ኦድቫር የሚባል አንድ ሽማግሌ አለ፣ አዳኝ ነው። እንጨት እሰጥሃለሁ ብሎኛል።

አንቺ የምትሠሪው ይህን ነው። ስብራቱን ገጥመሽ ሰደፉን ከምላጩ እስከ ተረከዙ ለኪና ስንት ስንዝር ከስንት ጣት እንደሆነ ጻፊልኝ። ብረቱ የሚቀመጥበትን እዚያው ያለ አናጢ ይፈለፍለዋል።

ለምን እንደምደክም ይገባሻል። በኛ አገር ሰው ሲሞት ጠመንጃው በለቅሶው መሐል ተይዞ ይዞራል። የአባቴም እንዲያ ዞሯል። የኔ በሽቦ ታስሮ ሲዞር አይታይም። በማን ስም ይቀመጥ ለሚለው አስብበታለሁ። ከዘሩ ወንድ መሆን አለበት።

ለጥር እመጣለሁ።

ግዛው

•

እስቴ
ኅዳር 22 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አደረገዎት? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ገና ጽሕፈትዎን ሳይ ድምፅዎን የሰማሁ መሰለኝ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ላሟ ወንድ ጥጃ ወልዳለች። ጤፉም ደህና ይዟል።

ያዘዙኝን ለክቻለሁ። ከምላጩ እስከ ተረከዙ አንድ ስንዝር ከግማሽ፣ ከሁለት ጣት ነው። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው።

እንዴት ተሰበረ ላሉኝ ወድቆ ነው። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ወደቀ። በኔ እጅ ስላለ ጥፋቱ የኔ ነው ይበሉ።

ለጥር የሚመጡ ከሆነ በእልፍኙ በኩል ጣራው ያፈሳልና ከወዲሁ አስጠግነዋለሁ። አልጋዎም እንደነበረ ነው። ለዓለምጸሐይ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። የዓይን ጠብታ ብታገኝልኝ እወዳለሁ፤ ካልተገኘም ግድ የለም። ብቻ የሚመጡበትን ቀን ቀደም ብለው ያሳውቁኝ።

የልጅነት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ወይንሀረግ

•

ሞርተንሩድ
ጥር 19 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይንሀረግ፣

ጤናሽን፣ የከብቱን ጤና፣ የአዝመራውን በረከት እመኝልሻለሁ። ጥምቀቱ እንዴት አለፈ? እዚህ በረዶው እስከ መስኮቱ ደርሷል።

ለጥር አልሆነልኝም። ዓለምጸሐይ «ሐኪሞቹ አንድ ጊዜ ይዩህ» ብላ የምትሠራበት ቦታ ወሰደችኝ። ደረቴን አዩት፣ «ያ፣ ያ» አሉ፣ አዎ አዎ ማለታቸው ነው፣ ሌላ ቀን ቀጠሩኝ። ምንም የለብኝም። ለፋሲካ እመጣለሁ። ጣራውን ግን አስጠግኚው።

ሰደፉ አልቋል! እንጨቱ ቢየርክ ይባላል። ነጭ ነው፣ ልክ እንደ ዋንዛ ይታዘዛል። ካለሰለስኩት በኋላ ኦድቫር ዘይት አምጥቶ ቀባልኝ። አሽትቼ ሳየው የተልባ ነው! እኛ በጾም የምንበላውን እነሱ እንጨት ይቀቡታል። ከተቀባ በኋላ የማር መልክ አወጣ። ብታይው ትኮሪብኛለሽ።

ከኦድቫር ጋር ግን ተጣልተን ነበር። እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔም የነሱን ቋንቋ «ታክ» ብሎ ከማመስገን አላልፍ። ገና እንጨቱን ሳይቆርጥ «ቲል ቬም?» አለኝ። ወደ ሰዉ እየጠቆመ ትከሻውን ሲመታ ነው የገባኝ። ለማን ነው ማለቱ ነው። «ለኔ» ብዬ ደረቴን መታሁ። ይኼኔ ክንዴን ጨብጦ አጠፈውና እንጨቱን ከክንዴ እጥፋት እስከ ጣቴ ይለካ ጀመር። ቀማሁት። ልኩ በደብዳቤ ተጽፎ በኪሴ እያለ ክንዴን ምን ያስጎትተዋል? በስንዝሬ ለካሁ፣ ጣቴን ጨመርኩ፣ ምልክት አደረግሁ፣ «እዚህ ላይ ቁረጥ» አልኩት። ራሱን እየነቀነቀ ቆረጠው። በኛ አገር ሰው ለጠመንጃው ይበቃል እንጂ ጠመንጃ እንደ ኮት በልክ አይሰፋም።

ደግሞ ጥቁር ጎማ አምጥቶ ከሰደፉ ጀርባ ሊገጥምልኝ ፈለገ። ሲተኮስ ትከሻ እንዳይመታ ነው አሉ። ትከሻ ለምን ተፈጠረና? ጎማውን መለስኩለት። የአባቴ ጠመንጃ ተረከዙ ብረት ነበር።

የሚያመጣልሽ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ፍሬዘር የሚባል ልጅ ነው። እሱን ለማሳመን ደግሞ ያየሁት ፍዳ!

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የጠመንጃ ነገር አልይዝም» አለኝ።

«ጠመንጃ የት አየህ? እንጨት ነው።»

«ቦሌ ላይ ቢጠይቁኝስ?»

«እንጨት ነው በላቸው።»

«የምን እንጨት ቢሉኝስ?»

«አንተ ዶክተር ልትባል ነው የምትማረው። ይህን መመለስ ካቃተህ በከንቱ ነው የሚያስተምሩህ!»

ዓለምጸሐይ ሳቋን ዋጥ አድርጋ አየር መንገዱ ጋ ደወለች። እንጨት ብቻ ከሆነ ሻንጣ ውስጥ ይግባ አሏት። እያጉረመረመ ያዘው። የዓይን ጠብታሽም ከእሱ ጋር አለ።

ስሙን አስቤበታለሁ። ምንሽሩ በምናሴ ስም ይመዝገብ። የእህቴ ልጅ ነው፣ ወንድ ነው። ባሕር ዳር ቢኖርም ለለቅሶዬ አይቀርም፤ ይዞት የሚዞረውም እሱ ይሆናል። ጥሪውና ይፈርም።

ግዛው

•

እስቴ
መጋቢት 5 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ሐኪሞቹ በቀጠሮው ቀን ምን አሉ? እባክዎ ይጻፉልኝ።

መልሴ የዘገየው ጽፌ ጽፌ ስለቀደድኩ ነው። አሁን ግን ሁሉንም እጽፈዋለሁ።

አስቀድሜ ስለ ሰደፉ። ፍሬዘር በደህና አደረሰልኝ። ቦሌ ላይ ፈታሹ ከሻንጣው ሲያወጣው ልጁ ላብ በላብ ሆኖ «እንጨት ነው» ማለት ጀመረ አሉ። ፈታሹም ወደ ትከሻው አስጠግቶ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረና «እንጨትማ እንጨት ነው፣ ብረቱ የት አለና? ብቻ የሠራው ሰው እጁን ይባርከው» ብሎ ለቀቀው። ውበቱ እውነት ነው፣ አጎቴ። እኔም ደጋግሜ ዳበስኩት።

ግን ረጅም ነው። አናጢው ብረቱን ገጥሞ ሲያየው «ይህ ሰደፍ ነው ወይስ የአልጋ እግር?» አለኝ። ወደ ትከሻዬ ባስጠጋው ጣቴ ምላጩ አጠገብ አይደርስም። እሱም ሞከረው፣ እሱም አልቻለም። ግራ ገብቶን ቆየን። ኋላ ማታ እጄን ሳየው ነገሩ ገባኝ። የለካሁት በኔ ስንዝር ነው። እርስዎ የቆረጡት በእርስዎ ስንዝር ነው። የእርስዎን መዳፍ አውቀዋለሁ፤ የኔን መዳፍ ውጦ ይተርፈዋል። እኔ በማን ስንዝር ብዬ አልጠየቅሁ፣ እርስዎም አልነገሩኝ። አናጢው በመጋዝ ሊቆርጠው ሲል የእርስዎ እጅ ያረፈበት ስለሆነ አይነካ አልኩት።

ሌላው የምናሴ ነገር ነው። በምናሴ ስም አይሆንም።

ሐምሌ ላይ ከባሕር ዳር መጥቶ ነበር። ደስ ብሎኝ ዶሮ አረድኩለት። በልቶ ሲጨርስ ተነሣና ምንሽሩን ከግድግዳው አወረደው።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ገዥ አግኝቼለታለሁ» አለኝ።

«ባለቤቱ ሳያውቅ?»

«ሽማግሌው ከዚያ አገር አይመለስም፣ አትሞኚ። አንቺም የቤት ጠባቂ ነሽ እንጂ ወራሽ አይደለሽም።»

ማንገቻውን ያዝኩ። እሱ ሳበ፣ እኔም ሳብኩ። ማንገቻው ተበጠሰና ጠመንጃው ደጃፉ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ሲሰበር የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ተሰብሮ ሲያየው «እንግዲህ ማን ይገዛዋል!» ብሎ ትቶት ሄደ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎት ምናሴን ለመሸፈን አይደለም። «አይመለስም» ያለውን ከኔ እንዳይሰሙት ብዬ ነው።

እርስዎ ያሉት ስም ይጻፋል። የምናሴን ግን በኔ እጅ አላስጽፍም። ከፈለጉ ሌላ ሰው ይዘዙ።

ጣራው ተጠግኗል።

ወይንሀረግ

•

ሞርተንሩድ
ሚያዝያ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይንሀረግ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈታሽ። ለፋሲካ አልመጣም። ሐኪሞቹ ብዙ ያወራሉ፤ ዓለምጸሐይ ስትተረጉምልኝ ጥቂት ይሆናል። እኔም አልጠይቃትም።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቀን ከቤት አልወጣሁም። «አይመለስም» አለ? ይበል። የምናሴን ስም ከእንግዲህ በዚህ ጉዳይ አልጽፍም። አንቺም አትጻፊ።

ኦድቫር ጠፋሁበትና እቤት ድረስ መጣ። ወደ ቤቱ ወስዶ ሾርባ አበላኝ። ከዚያ ከቁም ሣጥን አንድ ጠመንጃ አወጣ። የልጁ ልጅ መሣሪያ ነው፤ እሷም ሴት ናት። በመኸር ከእሱ ጋር ወጥታ ኤልግ የሚሉትን በሬ የሚያህል አጋዘን ትጥላለች። መጀመሪያ ጠመንጃውን ሲሰጣት ሰደፉን በክንዷ ልክ አሳጠረው። እሷ ስታድግ ከጀርባው ጎማ እየጨመረ አስረዘመው። ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየፈታ፣ መልሶም እየገጠመ አሳየኝ። ያ የናቅሁት ጎማ ለትከሻ ብቻ አይደለም ለካ። እንጨቱ ያጎደለውን ይሞላል። አንድ ጠመንጃ የሁለት ሰው ልክ ይሆናል።

ያንን የኔን ሰደፍ በእጄ አሳየሁት፤ ይህን ያህል ረዘመ አልኩት። አልሳቀብኝም። እንደገና «ቲል ቬም?» አለኝ። ይህ ሰው ከዚህ ሌላ ጥያቄ አያውቅም! ያን ዕለት ግን ደረቴን አልመታሁም፤ ኮፍያዬን አንሥቼ ወጣሁ።

ቲ-ባነ በሚሉት ባቡር ወደ ቤት ስመለስ ባለቤቴ ጌጤ ትዝ አለችኝ። በለቅሶዋ ዕለት ኩታዋንና እንዝርቷን ይዘሽ በለቅሶው መሐል የዞርሽው አንቺ ነሽ። እንዝርቱን ከፍ አድርገሽ ስትይዢው ክሩ ገና አልተቆረጠም ነበር። ሴቱ ሁሉ ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው። ሰዉ ከተበተነ በኋላም ሳህን ያጠብሽ፣ ለኔ ውኃ ያቀረብሽ አንቺ ነሽ። ከዘሩ ወንዶች ማን ማን እንደነበረ ላስታውስ ሞከርኩ። ባቡሩ መጨረሻው ደረሰና ወረድኩ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ክር ውሰጂ። ክንድሽን እጠፊና ከክንድሽ እጥፋት እስከ ሌባ ጣትሽ ለክተሽ ቁረጪው። በፖስታው ውስጥ አድርገሽ ላኪልኝ። ስንዝር የሚባል ነገር ከእንግዲህ በኔና ባንቺ መካከል አይነሣ።

ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ቶሎ ላኪ፣ ሰኔ ሩቅ አይደለም።

ግዛው

•

እስቴ
ሚያዝያ 29 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። በዓሉን ብቻዬን አልዋልኩም፤ ጎረቤቶች ጠርተውኝ ነበር።

ክሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ክሩ የእትዬ ጌጤ ነው። ከዚያ እንዝርት ላይ ቆርጬ ነው። እስከ ዛሬ ሳልነካው አስቀምጬው ነበር።

ወይንሀረግ

•

ሞርተንሩድ
ሰኔ 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለወይንሀረግ ኃይለጊዮርጊስ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤቱ፣ ሰላም ለተጠገነው ጣራ።

ፖስታውን የከፈትኩት የሥራው ቤት ውስጥ ነው። ክሩን ሳይ ተቀመጥኩ። ኦድቫር የታመምኩ መስሎት ውኃ አመጣልኝ። የጌጤን ክር ከሌላ ክር እለያለሁ፤ ቀጭን ነው፣ አይቋጠርም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁትና ኦድቫር ከመጠየቁ በፊት «ቲል ወይንሀረግ» አልኩት። «ያ» አለና መጋዙን አነሣ። እኔ ግን ተቀበልኩት። ይህን ራሴ ነኝ የቆረጥኩት፤ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

እንጨቱ በክንድሽ ልክ ነው። በጀርባው የኦድቫር ጎማ በሁለት ብሎን ተገጥሟል። ጎማው ሲጨመርበት እንጨቱ የኔን ክንድ ያክላል። ለክቼዋለሁ፤ በክንዴ እንጂ በስንዝር አይደለም። እንግዲህ ጎማው ሲኖር ጠመንጃው የኔ ነው። ሲፈታ ያንቺ ነው።

ስሙ ያንቺ ስም ይሁን። ስቶክሆልም ያለው ኤምባሲያችን ዘንድ ዓለምጸሐይ ያስጨረሰችው ወረቀት አብሮ አለ፤ ማኅተም አለበት። «ሴት ናት» የሚልሽ ካለ ግዛው ያለው ነው በይ። እሱ ካልበቃው ይጻፍልኝ፣ እመልስለታለሁ።

ጎማውን የምትፈቺበትን ቀን አንቺ ታውቂዋለሽ። ያን ዕለት አሳጥረሽ፣ በክንድሽ ልክ አድርገሽ፣ እንደ እንዝርቱ ከፍ አድርገሽ ያዢው። ወንዶቹ ከኋላሽ ይሂዱ። ካቻቢቴውን ከጎማው ጋር አስሬ ልኬልሻለሁ፤ በዚያ ጊዜ መፍቻ ፍለጋ ጎረቤት እንዳትዞሪ።

የመጀመሪያውን ሰደፍ አትቁረጪው። የበሩ መወርወሪያ ይሁን። ለሰው ቢረዝምም ለበር ይበቃል።

የሚያመጣልሽ ያው ፍሬዘር ነው፣ ለጥናቱ ወደ አገር ይገባል። አሁንማ ራሱ ነው «ጋሼ፣ እንጨቱ ደረሰ?» እያለ የሚጠይቀኝ።

መቼ እንደምመጣ አልጽፍም። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ፤ ለሽማግሌ ሦስተኛው ያሳፍራል።

ግዛው

•

እስቴ
ሰኔ 28 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለማከብርዎት አጎቴ፣

ይህን ስጽፍ ዝናብ እየዘነበ ነው፤ ጣራው አያፈስም። ፍሬዘር ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ስለሚመለስ ለእሱ ልሰጠው ቸኩዬ ነው የምጽፈው። እልፍኙ ውስጥ አልጋዎ ላይ ተኝቷል። ይቅርታ፣ ሌላ አልጋ የለኝም።

ምንሽሩ ተመዝግቧል። የቀበሌው ሰው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጦ «ሴት ነሽ» አለኝ። እኔም «ግዛው ያለው ነው፣ ከፈለጉ ይጻፉለት» አልኩት። እዚያ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት አንዱ «የትኛው ግዛው? ያ ግትሩ?» አለና ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊው እየሳቀ ስሜን ጻፈ። ቀጥሎ ሰደፉን አየና «ይህ ጎማ ምንድን ነው?» አለኝ። «የአጎቴ ነው» አልኩት።

በሩ በሰደፍዎ ይወረወራል። የሚመጣ ሰው ሁሉ ይዳብሰዋል።

ማታ ብቻዬን ሆኜ ጠመንጃውን ወደ ትከሻዬ አስጠጋሁት። ጎማው ስላለ አሁንም ይረዝመኛል። ስለረዘመኝ ደስ አለኝ።

ብሎኖቹ ላልተው ነበርና አናጢው በደንብ አጠበቀልኝ። ካቻቢቴውን በፍሬዘር መልሼ ልኬልዎታለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያገኙታል። እኔ እዚህ አልፈልገውም። ጎማው መፈታት ካለበት ይዘውት ይምጡና ራስዎ ይፍቱት።

ልጅዎ
ወይንሀረግ